የአየር ኬላ፦ ፈጣን መኪና ለአየር የሚከፍለው ዋጋ

(በደብረ ብርሃን ለመካኒኮች፣ ለሹፌሮችና ለምህንድስና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር፤ ከጥቂት እርማት በቀር እንደተነገረ የቀረበ)

እንደምን አረፈዳችሁ! የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ ችላችሁ፣ ጋቢም ኮትም ደርባችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሸዋ ሮቢት፣ ከደብረ ሲና፣ ከሸኖ፣ ከመሀል ሜዳ የተነሳችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። አባቶች፣ እናቶች፣ የጋራዥ ወንድሞቼ፣ ተማሪዎች፣ ከኋላ የተቀመጣችሁ ትሰማላችሁ? ካልተሰማ እጃችሁን አንሱልኝ።

የዛሬው ጉዳያችን አየር ነው፤ ፈጣን መኪና ከአየር ጋር የሚያደርገው ትግል። «እኛ አገር ማን በ300 ኪሎ ሜትር ይነዳል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በ300 የሚበረውን መኪና የሚይዘው አየርና ከጫጫ ወደ ሸኖ የምትሄደውን ኮሮላ የሚይዘው አየር አንድ ነው፤ ሕጉም አንድ ነው። ፈጣኑ መኪና ላይ ስህተት ቶሎ ይጋለጣል፤ ስለዚህ ከእሱ እንማር። አራት ነገር እናገራለሁ፦ አየር እንዴት እንደሚያስከፍል፣ ከመኪናው የትኛው አካል እንደሚያስከፍል፣ መኪናን መሬት ላይ ማቆየት ስንት እንደሚፈጅ፣ በመጨረሻም እዚህ ደጋችን ላይ ሂሳቡ እንዴት እንደሚለወጥ። ከዚያ ወደ ግቢው እንወጣለን።

አይሱዙ ላይ ሸራ ያሰረ ሰው አለ? አዎ፣ ብዙ እጅ አያለሁ። እናንተ የዛሬውን ትምህርት ግማሹን ታውቁታላችሁ። በ40 ስትነዱ ጸጥ ብሎ የተኛው ሸራ በ80 ገመድ ይበጥሳል። ለምን? ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ፤ ሸራውን የሚስበው ኃይል ግን አራት እጥፍ ሆነ። የአየር ጎታች ኃይል ከፍጥነቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚያድገው። ያንን ኃይል አሸንፎ ለመሄድ ሞተሩ የሚያወጣው ጉልበት ደግሞ ከዚህም ይብሳል፤ ስምንት እጥፍ ነው። ፍጥነት እጥፍ፣ ኃይል አራት እጥፍ፣ የፈረስ ጉልበት ስምንት እጥፍ። ተማሪዎች፣ ይህን ጻፉት።

በቁጥር እንየው። የቅርጽ ቁጥሩ (ቅርጹ ለአየር ምን ያህል እንደሚመች የሚነግረን፣ ሲያንስ የሚሻል)፣ ሲዲ የምንለው፣ 0.30 የሆነ፣ ከፊት ሲታይ 2.2 ካሬ ሜትር የሚሸፍን መኪና እንውሰድ። ባሕር ወለል ላይ፣ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት፣ አየሩ በ312 ኒውተን ይጎትተዋል፤ 32 ኪሎ ዕቃ በገመድ አስሮ ወደ ላይ እንደ ማንሳት ነው። ለአየሩ ብቻ የሚያስፈልገው 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ከትንሿ ቪትዝ ሞተር ላይ እንኳ ይተርፋል። በ200 ላይ 94 ይሆናል። በ300 ላይ 318። በ400 ላይ ስንት የሚሆን ይመስላችኋል? 750 ያልፋል! ያውም ለአየሩ ብቻ፤ ጎማውና ማርሹ የሚበሉትን ሳንቆጥር።

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆኑ ሁለት መኪኖች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ማክላረን ኤፍ 1፣ ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተር የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው 627 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይዞ፣ ጀርመን አገር ኤራ ሌሲን በተባለው የሙከራ ጎዳና 386 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደረሰ። ነጂው አንዲ ዋላስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ያው ሰው፣ በዚያው ጎዳና፣ 1,600 የፈረስ ጉልበት ባለው ቡጋቲ ሺሮን 490 ኪሎ ሜትር በሰዓት አለፈ። ጉልበቱ ሁለት እጥፍ ተኩል አደገ፤ ፍጥነቱ ግን ሩብ ያህል ብቻ ጨመረ። ያቺን ሩብ ለማግኘትም ጉልበት ብቻውን አልበቃም፤ የመኪናው ጭራ በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ረዝሟል።

ጭራው ለምን? ወደ ሁለተኛው ነገር የሚያስገባን ይህ ጥያቄ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

ብዙ ሰው አየርን የሚሰነጥቀው አፍንጫ ነው ብሎ ያስባል። አፍንጫ የሹል ሹል ከሆነ መኪናው ፈጣን ይመስለዋል። አይደለም። ክብ ያለና ለስላሳ አፍንጫ አየሩን በደንብ ይከፍለዋል፤ ከዚያ በላይ ማሾል ብዙ አይጠቅምም። ዋናው ሂሳብ የሚወጣው ከኋላ ነው። አየሩ ጣሪያውን ተከትሎ ሲመጣ የኋላ መስታወቱ በገር ከወረደለት ተጣብቆ ይወርዳል። ድንገት ቁልቁል ከሆነበት ይላቀቃል። ሲላቀቅ ከመኪናው ጀርባ የሚሽከረከር፣ ግፊቱ ያነሰ ባዶ ነገር ይፈጠራል፤ ይህ ባዶ መኪናውን ወደ ኋላ ይመጠዋል። አቧራማ መንገድ ላይ ከሚኒባስ ኋላ አቧራው ተመልሶ የኋላ መስታወቱ ላይ ሲለጠፍ አይታችኋል? ያ አቧራ የሚያሳያችሁ ይህንኑ ነው። አየሩ መኪናውን አልፎ መሄድ ሲገባው ተመልሶ እየተከተለው ነው።

ፍጹሙ ቅርጽ የውሃ ጠብታ ነው፤ ከፊት ክብ፣ ከኋላ ረጅም እየቀጠነ የሚሄድ። ግን አራት ሜትር ጭራ ይዞ ማን ይነዳል? ቩኒባልት ካም የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መልስ አገኙ፦ ጭራውን እየቀጠነ አስጀምረው፣ ከዚያ በቀጥታ ቁረጠው። አየሩ በስለት ከተቆረጠው ጠርዝ ላይ በአንድ ጊዜ፣ ተስተካክሎ ይለቃል፤ የባዶውም ስፋት ትንሽ ይሆናል። የዛሬዎቹ ፈጣን መኪኖች ጀርባቸው ተቆርጦ የቀረው ለውበት ብቻ አይደለም። የጋራዥ ወንድሞቼ፣ ቀለምና ላሜራ የምትሠሩ፣ ይህን ልብ በሉ፦ የኋላው ጠርዝ ስለት መሆን አለበት። ተጋጭቶ የመጣን የኋላ ክዳን ስታቃኑ ያንን ጠርዝ በስቱኮ አድቦልብላችሁ ከሰደዳችሁት፣ አየሩ የት ጋ እንደሚለቅ አያውቅም፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከታች ይለቃል። መኪናው በፍጥነት ላይ ይንገዋለላል፤ ባለቤቱም መሪው ነው ብሎ ይመለስባችኋል።

ሌላው ጎማ ነው። ጎማና የጎማ ቤት ከመኪናው የአየር ጉተታ ሩብ ያህሉን ይወስዳሉ። የሚሽከረከር፣ ያልተሸፈነ፣ ቸርኬው የተከፋፈተ ነገር ነዋ! ማክላረን ስፒድቴይል የተባለው መኪና የፊት ቸርኬዎቹ ላይ ጎማው ሲዞር የማይዞር ክዳን የተደረገለት፣ ስፖኪዮው ወጥቶ በካሜራ የተተካው ለዚህ ነው፤ 403 ኪሎ ሜትር ይገባል። እኛ ጋ ግን ምን ይደረጋል? ሰፊ ጎማ ይገጠማል፣ ከፓራፋንጎው ውጭ ይወጣል፣ «ቆመ» ይባላል። ከፓራፋንጎው የወጣ ጎማ አየሩን በቀጥታ ይጋፈጣል። ጭቃውን በጎን መስታወት ላይ ይረጫል፣ የፊት እግር ኩሽኔታውን ይበላል፣ ቤንዚኑንም ይጨምራል።

ሦስተኛው የመኪናው ሆድ ነው። ከሥር ገብታችሁ የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ማርሚታው፣ ሻንሲው፣ የነዳጅ ጋኑ፣ ሁሉም ይወጣል ይገባል። አየር እዚያ ሲገባ እየተጋጨ ያልፋል። ፈጣን መኪና ሆዱ ጠረጴዛ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ይሸፈናል፤ መጨረሻው ላይ ወደ ላይ ቀስ ብሎ ይነሳል። ይህ መነሳት ዲፊውዘር ይባላል። ቀስ ብሎ ነው ያልኩት፤ በመንገድ መኪና ላይ ከ10 ዲግሪ በላይ ሲያልፍ አብዛኛውን ጊዜ አየሩ ይላቀቃል፣ ያለ ጥቅም ይቀራል። እናንተ ዘንድ ከሞተር ሥር ያለው ላሜራ ወይም ፕላስቲክ ተፈትቶ ተመልሶ ያልተገጠመለት ስንት መኪና አለ? ዘይት ለመቀየር ይፈታል፣ ሁለት ቡሎን ይጠፋል፣ «ተወው፣ ጭቃ ብቻ ነው የሚከለክለው» ይባላል። እባካችሁ መልሳችሁ ግጠሙት። በሁለት ቡሎን ተንጠልጥሎ የቀረው ደግሞ ከሌለው የባሰ ነው፤ በ100 ላይ አየሩ እንደ ማንኪያ ያፍሰዋል፣ ይገነጥለዋል፣ ከኋላ ለሚመጣው አደጋ ይሆናል።

ራዲያተርን ሳልጠቅስ አላልፍም። በራዲያተር ውስጥ የሚያልፍ አየር ሁሉ ዋጋ አለው፤ ጉልበት የበዛበት ሞተር ደግሞ ሙቀቱ የበዛ ነው። ቡጋቲ ቬይሮን 1,001 የፈረስ ጉልበቱን ለማቀዝቀዝ አሥር ራዲያተሮች ተገጥመውለታል። ጉልበት ስትጨምር ቀዳዳ ትጨምራለህ፤ ቀዳዳው ጉተታ ይጨምራል፤ ጉተታውን ለማሸነፍ ደግሞ ጉልበት ትጨምራለህ። ቬይሮን 407 ኪሎ ሜትር ለመድረስ ነጂው ሌላ ቁልፍ ማስገባት ነበረበት፤ ያኔ መኪናው ወደ መሬት ይወርዳል፣ የኋላ ክንፉ ይተኛል፣ ከፊት ያሉት መተንፈሻዎች ይዘጋሉ። በተራው አነዳድ ግን 375 ላይ ይቆማል። አያችሁ? ሞተሩ ያው ነው። ሠላሳ ሁለቱን ኪሎ ሜትር የሰጠው የአካሉ አቀማመጥ ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ነገር አለስልሰን ጉተታውን ብንቀንስ ጨረስን? አልጨረስንም። አሁን ዋናው ነገር መጣ።

መኪና ከላይ ቅስት፣ ከሥር ጠፍጣፋ ነው። ሌላስ እንዲህ የሆነ ምን አለ? የአውሮፕላን ክንፍ! በጣም የተለሰለሰ መኪና በፍጥነት ላይ መነሳት ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው የመጀመሪያው አውዲ ቲቲ ጣሪያው እንደ እንቁላል ክብ ነበር፤ ጀርባውም በውብ ቅስት ይወርዳል። አየሩ ያንን ቅስት ተከትሎ ሲወርድ የኋላውን እግር ያቀልለው ነበር። በጀርመን ፈጣን መንገዶች ላይ ከባድ አደጋዎች ደረሱ፣ ሰውም ሞተ። ፋብሪካው መኪኖቹን መልሶ ጠርቶ ኋላቸው ላይ ትንሽ ስፖይለር ገጠመ፣ እግራቸውንም አስተካከለ። የእጅ መዳፍ የማታህል ጠርዝ ናት! የሰው ሕይወት ከጠየቁት ነገሮች አንዱ ያቺ ጠርዝ አለመኖሯ ነው። በአንጻሩ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1973ቱ ካሬራ አር ኤስ ላይ እንደ ዳክዬ ጭራ ቀና ያለች ጠርዝ ሠራ፤ የኋላው መነሳት በእጅጉ ቀነሰ፣ የመጨረሻ ፍጥነቱም ትንሽ ጨመረ። በትክክለኛው ቦታ የገባች ጠርዝ ሁለቱንም ልትሰጥ ትችላለች። ይህ ግን ሁልጊዜ አይገኝም።

ብዙውን ጊዜ ዋጋው ምን እንደሆነ የቅርብ ጊዜ ፖርሽ ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው፣ ፖርሽ 911 ጂቲ 3 የሚባለው፣ 510 የፈረስ ጉልበት አለው፤ 318 ኪሎ ሜትር ይገባል። ወንድሙ ጂቲ 3 አር ኤስ 525 ጉልበት አለው። የቱ ይፈጥናል? በሉ እስቲ! ... አይ፣ አር ኤሱ 296 ላይ ይቆማል። አሥራ አምስት የፈረስ ጉልበት ተጨምሮለት ሃያ ሁለት ኪሎ ሜትር ቀነሰ። የት ሄደ? ወደ ክንፉ ሄደ። ያ ክንፍና ሆዱ አንድ ላይ በ285 ኪሎ ሜትር ላይ መኪናውን በ860 ኪሎ ወደ ታች ይጫኑታል። ኩርባ ላይ ጎማው መንገዱን ነክሶ ይይዛል፤ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ያው ክንፍ ዕዳ ነው። ስለዚህ ነጂው ቁልፍ ሲጫን ክንፉ ይተኛል፣ ፍሬን ሲረግጥ ይነሳል። እኔ ትክክለኛ ምህንድስና የምለው ይህንን ነው፤ የሚከፈለውን ጉተታ አውቆ፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ብቻ መክፈል።

ወጣቶች፣ አሁን በቀጥታ ለእናንተ ነው የምናገረው። ያ 860 ኪሎ በ285 ላይ ነው። ፍጥነቱን ለሦስት ክፈሉት፤ በ95 ላይ ጫናው ለዘጠኝ ይከፈላል፣ 95 ኪሎ ገደማ ይቀራል። በ47 ላይ 24 ኪሎ ነው፤ አንድ ሕፃን ልጅ እንደማለት። ይህ ደግሞ የዓለም ምርጥ መሐንዲሶች የሠሩት ክንፍ ነው። ታዲያ ቪትዝ ላይ የኋላ ክዳኑን በስታችሁ የምትገጥሙት ክንፍ ምን ይሠራል? ቪትዝ የሚጎትተው በፊት እግሩ ነው። ከኋላ እግር በስተጀርባ የተጫነ ኃይል የኋላውን ይጫንና የፊቱን ያነሳል፤ እንደ ሚዛን ነው። መሪውም፣ ጉልበቱም፣ አብዛኛው ፍሬንም ከፊት ነው። የሚያስፈልገውን እግር እያቀለላችሁት ነው። ክንፉ ዝቅ ብሎ ከኋላ መስታወት ጥላ ከተቀመጠ ደግሞ ንጹሕ አየር አያገኝም፤ የሚሰጠው ጉተታ ብቻ ነው። በስስ ላሜራ ላይ በአራት ቡሎን የታሰረው ደግሞ በጥቂት ወር ውስጥ ላሜራውን ይሰነጥቀዋል፣ ዝናብ ይገባል፣ ይዝጋል። ገንዘባችሁን ለጥሩ ጎማና ለፍሬን ሸራ አውሉት። ከልቤ ነው የምለምናችሁ።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነች፤ ጣርማ በር ከ3,000 ያልፋል፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 አካባቢ ነው። ባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ይመዝናል፤ እዚህ 0.9 ገደማ ነው። ሩቡ የለም! ጎታች ኃይሉም በሩብ ይቀንሳል ማለት ነው። ደስ ይላል? ቆዩ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰውም ይህንኑ የሳሳ አየር ነው፤ ጉልበቱም በሩብ ያህል ይወርዳል። ጉተታው በሩብ፣ ጉልበቱም በሩብ ሲቀንስ የመጨረሻው ፍጥነት ብዙም አይለወጥም፤ የጎማው ጉተታ ስለማይቀንስ እንዲያውም ትንሽ ይወርዳል። መነሻውና ዳገቱ ግን ይሞታል።

ግፊቱን ጠብቆ የሚይዝ ቱርቦ ያለው፣ ወይም ኤሌክትሪክ መኪና ሲሆን ነገሩ ይለያል። ጉልበቱ አይቀንስም፤ ጉተታው ብቻ ይቀንሳል። በሂሳብ ፍጥነቱ አሥር በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ 300 የነበረው 330 ነው። ነገር ግን ጉተታውን የቀነሰው አየር መጫኑንም ቀንሶታል፤ ያ 860 ኪሎ እዚህ 645 ነው። መኪናው እየፈጠነ፣ መያዙ እየሳሳ ይሄዳል። ደጋ ላይ ቱርቦ መኪና የሚነዳ ሰው ይህን ካላወቀ ኩርባው ላይ ያውቀዋል።

ማቀዝቀዝም እንዲሁ ነው። በራዲያተሩ የሚያልፈው አየር ሩቡ ጎድሎታል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ስትወጡ ፍጥነታችሁ 30፣ 40 ነው፤ በነፋስ የሚገባው አየር ጥቂት፣ ሞተሩ ግን ሙሉ ጭነት ላይ ነው። ጠዋት ለብርዱ ብላችሁ ራዲያተሩ ፊት ያስገባችሁትን ካርቶን አውጥታችኋል? ሌላም አለ። እዚህ ከፍታ ላይ ክዳን የሌለው ውሃ በ90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። የሞቀውን ውሃ ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፈተው ደግሞ በ82 እና በ88 መካከል ነው። የራዲያተሩ ክዳን ጎማው ደርቆ ግፊት ካልያዘ፣ ቴርሞስታቱ ገና እንደተከፈተ ውሃው ፈላ ማለት ነው። ዋናውን ሞተር ከመክፈታችሁ በፊት ክዳኑን ቀይሩ። ስንት ቴስታ (የሞተር የላይ ክፍል) በከንቱ ተፈትቷል!

በመጨረሻ፣ ይህን ሁሉ ያለ ንፋስ ዋሻና ያለ ውድ መሣሪያ እንዴት እንለካለን? ሁለት መንገድ አለ።

የመጀመሪያው ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ሜዳና ቀጥ ያለ፣ ትራፊክ የሌለበት መንገድ፣ ንፋስ ሳይነሳ በማለዳ። 100 ላይ ስትደርሱ ማርሹን ዜሮ አድርጉና ወደ 80 እስኪወርድ ያለውን ሰከንድ ቁጠሩ። ሄዳችሁ፣ ተመልሳችሁ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ አማካዩን ውሰዱ። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና 20 ሰከንድ ከፈጀበት፣ የያዘው ኃይል 333 ኒውተን ነው። ከዚያ ውስጥ 140 ያህሉ የጎማ ነው፤ የቀረው 190 የአየር ነው። አሁን ፖርቶ መጋላውን፣ የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ፣ ጭናችሁ ድገሙት። ሰከንዱ ወደ 17 ከወረደ፣ የአየሩ ጉተታ በሠላሳ በመቶ ገደማ ጨምሯል ማለት ነው። የጎማ ንፋስ በሁለቱም ጊዜ እኩል ይሁን፤ የተሳፋሪውም ቁጥር አይለወጥ፤ አለበለዚያ የለካችሁት ሌላ ነገር ነው። ደግሞም ይህን ሜዳ ላይ ብቻ! ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ማርሽ ዜሮ ማድረግ ሞት መጥራት ነው። በ40 ላይ አየር አይዛችሁም፤ የሚይዛችሁ ማርሹ ነው።

ሁለተኛው ክር ነው። የመንዝ በግ ጸጉር ፈትል ከሁሉ ይሻላል፤ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይታያል። በ10 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ ከረዘመ እርስ በርሱ ይጠላለፋል። የፊት ጫፉ ብቻ በፕላስተር ይለጠፋል፣ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ፣ ከጣሪያው መጨረሻ እስከ ኋላ ክዳኑ ጠርዝ። መኪናው በ60 ይነዳል፤ ከኋላ የሚከተለው መኪና ርቀቱን ጠብቆ፣ ተሳፋሪው በስልክ ይቀርጻል። በጣም ከተጠጋ ራሱ አየሩን ይረብሸዋል። ክሩ ተኝቶ ወደ ኋላ ከተዘረጋ አየሩ ተጣብቋል። እየዞረ ከሆነ፣ ወይም ጫፉ ወደ ፊት ከተመለሰ፣ አየሩ እዚያ ቦታ ላይ ተላቋል፤ ጉተታውም እዚያ ነው።

ግቢው ውስጥ አንዲት ነጭ ኮሮላ ቆማለች፤ ሁለት ጥቅል ፈትልና ፕላስተር ኮፈኗ ላይ አለ። መቀስ የያዛችሁ ቅደሙ፤ ተማሪዎች የክሩን ርቀት በሜትር ለኩ። ጤዛ ካለ በጨርቅ ጥረጉት፣ እርጥብ ላሜራ ላይ ፕላስተር አይዝም። ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እየሠራን ጠይቁኝ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እንውጣ።